የጋሼ ጉበት፣ የረዳቱ ደም

አዋሽ ሰባት ኪሎ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ ጫቱ። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ፣ መተሐራን ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ እዚህ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይወጣል። ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ፣ ሎጊያና ሰመራን አልፎ፣ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ከሐረርጌ ደጋ የተቆረጠው ጫት እዚህ መገናኛ ላይ ይራገፋል፣ ከጅቡቲ የሚመላለሱት ተሳቢዎችም እዚሁ ያርፋሉ። ገበያው ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት።

አጎቴ በዚህ መስመር ለ22 ዓመት ተሳቢ ነድቷል። ሰፈሩም፣ ሾፌሩም፣ ምግብ ቤቷም «ጋሼ» ነው የሚሉት፤ እኔም እንደዚያው ልጥራው።

ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ የጋሼ ዓይን ቢጫ ሆነ። ቤተሰቡ አንድም ሰው ሳይጠራጠር «የወፍ በሽታ ነው» አለ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ የሌሊት ወፍ በላያችሁ ስታልፍ ሽንቷ ከነካችሁ ዓይናችሁ ቢጫ ይሆናል ይባላል። ለጋሼ ደግሞ ይሄ በጣም አሳማኝ ነበር። በአፋር ሙቀት ጋቢና ውስጥ መተኛት ስለማይታሰብ ስንት ዓመት ከተሳቢው ሥር ፍራሽ ዘርግቶ ነው ያደረው። የሌሊት ወፍ ከፈለገች ዕድሉን በደንብ አግኝታለች።

የባህል መድኃኒት ተፈለገ። በጥብጠው አጠጡት። ዓይኑ ትንሽ የጠራ መሰለ፣ «አየህ!» ተባለ። ከወር በኋላ ግን ሆዱ ተነፋ፣ እግሩ አበጠ፣ ሱሪው አልዘጋ አለ። አዲስ አበባ መጣ፣ ከሆዱ ውሃ ተቀዳለት። በአልትራሳውንድ ሲታይ ጉበቱ ተኮማትሯል፣ ጠባሳ ሆኗል። በሕክምናው ስም ሲሮሲስ ይሉታል። ጠባሳው ደም እንደልቡ አላሳልፍ ስለሚል ደሙ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የጉሮሮ ቧንቧ ሥሮች ያብጣሉ፤ አንድ ቀን ከፈነዱ ሰው ደም ያስመልሳል። ጋሼ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። «መጠጥ ይወስዳሉ?» አለው። ጋሼ በሕይወቱ ቢራ ቀምሶ አያውቅም። ሄፒታይተስ ቢ ተመረመረ፣ ነጻ። ሄፒታይተስ ሲ፣ ነጻ። ሌላም ሌላም ታየ። በመጨረሻ ሐኪሙ «ምክንያቱን አላገኘነውም» አለን፤ ቀጥሎም እንደዋዛ፣ «ጫት ይቅማሉ?»

«ያው እንደ ሰው» አለ ጋሼ።

እንደ ሰው ማለት በሱ ቋንቋ በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት፣ 22 ዓመት ሙሉ ማለት ነው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ ስለ ጉበት የማውቀው በዱለት ውስጥ እንዳለች ብቻ ነበር። ግን ያቺ «ጫት ይቅማሉ?» የምትል ጥያቄ አልወጣልኝ አለች። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስቆፍር የደረስኩት ሩቅ አገር አይደለም። ሐረር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በሐረር ከተማ በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች ጥናት አደረጉ። ከመካከላቸው ነጂብ ዩሱፍ፣ ኖርዌጂያኑ ስቲያን ኦርሊን እና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ነጋ በርሄ ይገኙበታል። የተነሱበት ነገር ቀላል ነው። በምሥራቁ ክፍል ሐኪሞች ሆዳቸው ውሃ የቋጠረ፣ ጉበታቸው የጠበሰ፣ አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች የሆኑ ሕመምተኞች ያያሉ። የተለመዱትን ምክንያቶች ሲፈልጉ ደግሞ ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ምንም አያገኙም። ልክ እንደ ጋሼ።

እናም 150 የጉበት ሕመምተኞችንና ሌሎች 300 የጉበት በሽታ የሌለባቸውን ሰዎች አነጻጸሩ። ሲጋራ አጫሾችን ስንት ዓመት በስንት ፓኬት እንደሚቆጥሯቸው ሁሉ እነዚህም «ጫት-ዓመት» የሚል መለኪያ ተጠቀሙ፤ የሚቃመው መጠን ሲባዛ በዘመኑ። በ2018 ባወጡት ውጤት፣ ሌሎች ምክንያቶችን በስሌቱ ካስገቡ በኋላ እንኳን፣ ቃሚዎች ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ የመያዛቸው ዕድል ከማይቅሙት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ተገኘ። የሚቃመው እየበዛና እየረዘመ ሲሄድ ዕድሉም ይጨምራል፣ በተለይ በወንዶች ላይ።

እዚህ ላይ አንዴ ቆም። የስታቲስቲክስ አስተማሪያችን በየክፍለ ጊዜው የሚደጋግማት ነገር ነበረች፤ ሁለት ነገር አብሮ መታየቱ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ቃሚው ከበርጫ በኋላ ጨብሲ ይወጣ ይሆናል፣ መርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። «መጠጥ አልጠጣም» ብሎ ለመርማሪው የሚዋሽም አለ። ጫቱ ላይ የሚረጨው መድኃኒትስ? በአገራችን ጫት ቅጠል ላይ የዲዲቲ ቅሪት ያገኙ ጥናቶች አሉ፤ ጫት ደግሞ የማይበሰል፣ ብዙ ጊዜም በቅጡ የማይታጠብ ቅጠል ነው። እና ጥፋተኛው ቅጠሉ ነው ወይስ የተረጨበት? የሐረሩ ጥናት ይሄን አልፈታውም። ግን መጠኑ ሲጨምር አደጋውም አብሮ መጨመሩ እንደኔ ላለ ተጠራጣሪ ከባድ ማስረጃ ነው።

ሐረር ብቻዋን አይደለችም። በ2010 የለንደን ሐኪሞች በአንድ ትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ጫት የሚቅሙ ስድስት ሰዎች ጉበታቸው በድንገት ክፉኛ መጎዳቱን ጽፈዋል። አስቂኙ ነገር፣ የእንግሊዝ መንግሥት አማካሪዎች በ2013 ማስረጃውን አይተው «ለመከልከል በቂ አይደለም» አሉ፤ መንግሥቱ ግን ሳይሰማቸው በሰኔ 2014 ከለከለው።

ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታን በተመለከተ ሌላም የአገራችን ታሪክ አለ፣ ብዙ ወጣት የማያውቀው። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ጸዳ እምባ በምትባል መንደር ከ2001 ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ ይሞቱ ነበር። አባትና ልጅ አንድ ላይ። ቫይረስ ነው ተብሎ ተፈተሸ፣ አይደለም። ውሃው ነው ተባለ። ዓመታት ከፈጀ ምርመራ በኋላ ጣቱ የተቀሰረው እህል ውስጥ የሚቀላቀል አንድ አረም ላይ ነው። አረሙ ጉበትን የሚመርዝ ንጥረ ነገር አለው፤ ገበሬው ከእህሉ ጋር አጭዶት፣ አስፈጭቶት፣ ጋግሮ ይበላዋል። የሌሊት ወፍ የለችበትም፣ እርግማንም የለም።

ይሄን ሳነብ የገባኝ፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» የሚለው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ አለመሆኑን ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እስኪቆጥር መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ረዳቱ ልመለስ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

ጋሼ ደም ሲያስመልስ ደም ያስፈልገው ነበር። ቤተሰብ ተኪ ደም እንዲለግስ ተጠየቀ። ቤተሰብ እንደምታውቁት ነው፤ አንዱ ግፊት አለብኝ አለ፣ አንዱ መርፌ እፈራለሁ አለ። ስድስት ዓመት ከጋሼ ጋር የሠራው ረዳት ግን ከአዋሽ በሚኒባስ ተሳፍሮ መጣ። 24 ዓመቱ ነው። ጎማ ብቻውን የሚቀይር፣ በሙቀት ውስጥ ሸራ ሲወጥር የሚውል ልጅ። እጅጌውን ሰብስቦ ሰጠ፣ ጭማቂውን ጠጣ፣ ተመልሶ ወረደ።

የሚለገስ ደም ሁሉ ይመረመራል፤ ኤችአይቪ፣ ሄፒታይተስ ቢ፣ ሄፒታይተስ ሲ እና ቂጥኝ። ከቀናት በኋላ ተጠራ። ሄፒታይተስ ቢ አለብህ ተባለ።

በዚያ ቀን ማታ ደወለልኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ የጋሼ በሽታ ተላልፎብኝ ነው?» አለኝ። አይደለም፣ ጋሼ ቫይረሱ የለበትም። «ታዲያ ከማን ያዘኝ?» ዝም አልኩ፤ አላውቅማ። «ምንም አያመኝም እኮ!» አለ ደጋግሞ። በዚህስ እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ለሱ ያስረዳሁትን ያህል ለእናንተም ልንገራችሁ።

ሄፒታይተስ ቢ በአብዛኛው ሳያምም ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። በደም ይተላለፋል፤ በምላጭ፣ ባልተቀቀለ መርፌ፣ በግብረ ሥጋ፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ጉርሻም ሆነ መጨባበጥ፣ በአንድ ጋቢና ውስጥ ስድስት ዓመት መቀመጥም አያስተላልፈውም። ዋናው ነገር የሚያዙበት ዕድሜ ነው። አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ያባርረዋል፤ ሥር የሚሰድበት ከመቶ አምስት እንኳን አይሞላም። በጨቅላነቱ የተያዘ ሕፃን ግን ከመቶ ዘጠና በላይ በሚሆን ዕድል ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ስለዚህ ረዳቱ «ከማን?» ላለው ጥያቄ የሚያስኬደው መልስ፣ ምናልባት ራሱ በማያስታውሰው ዕድሜ የሚል ነው። ለዚህ ተጠያቂ የሚደረግ ሰው የለም፣ እናቱን ጨምሮ። ይሄንን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፣ መስማቱን እንጃ።

ቁጥሩ ደግሞ ይሄ ነው። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት በአገር ውስጥ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ደምሮ ሲያይ፣ ከተመረመሩ ኢትዮጵያውያን 7.4 በመቶው ሄፒታይተስ ቢ፣ 3.1 በመቶው ደግሞ ሄፒታይተስ ሲ ተገኝቶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰው ከሄፒታይተስ ቢ ጋር ይኖራል፤ በሽታው ከሚበዛባቸው አሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በቫይረስ ሄፒታይተስ በዓመት የሚሞተው 1.3 ሚሊዮን ሰው ነው።

አሁን የልደት ቀናችሁን አስቡ። ሄፒታይተስ ቢን የያዘው የሕፃናት ክትባት በኢትዮጵያ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። ይህን በስልካችሁ ከምታነቡት መካከል ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ፣ እኔን ጨምሮ፣ በሕፃንነታችን ይህ ክትባት አልደረሰንም። እኛ የኪስ ስልክ የደረሰን፣ ክትባቱ ያመለጠን ትውልድ ነን። ካልተመረመራችሁ አታውቁትም። ምርመራው ጣት ተወግታ በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ ነው፤ ኤችቢኤስኤጂ ይሉታል፣ የመጸዳጃ ቤት ወረፋ ያህል ጊዜ አይፈጅም።

ሕክምናውስ? እዚህ ጋ መልካም ዜና አለ፣ እሱም ከአገር ውስጥ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. የሄፒታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ጀመረ፤ ዶክተር ኃይለሚካኤል ደሳለኝ ከሚመሩት አንዱ ነበሩ፤ የኖርዌይ ሐኪሞችም አብረው ሠርተዋል። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች እንዲህ ባለ መጠን ከተጀመሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። 1,303 ሕመምተኞች ተመዘገቡ። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር ነው፣ ለኤችአይቪም የሚሰጠው፣ በቀን አንድ ፍሬ። ቫይረሱን ጨርሶ አያጠፋውም፣ ያስተኛዋል። በጊዜው የጀመረ ሰው ጉበቱ ይተርፋል። ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ የመጡት ላይ ግን መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ አርፍዶ ይደርሳል፤ ከሞቱት አብዛኞቹ እነሱ ናቸው።

ደግሞ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ መድኃኒት አይጀምርም። የጉበት ምርመራ፣ የቫይረሱ ብዛት፣ አልትራሳውንድ ታይቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 መመሪያውን አቅልሎ ብዙ ሰው እንዲታከም በሩን ከፍ አድርጎታል። ረዳቱ ለአሁኑ «ክትትል» ተብሏል፤ በየስድስት ወሩ። «መድኃኒት ካልሰጡኝ ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው» ብሎ አንድ ሳምንት አልተኛም። እንደሱ አይደለም፤ ጉበቱ ገና ደህና ስለሆነ ነው። ይሄን ለማስረዳት የፈጀብኝ የስልክ ካርድ!

ስለ ጥናት ሳነሳ አንድ ሰው ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ነጋ በርሄ የሚሠሩበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋም በአክሊሉ ለማ ስም የተሰየመ ነው። አክሊሉ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ናት፤ አንዱ የቢልሃርዝያ ዓይነት ደግሞ ጉበትን ነው የሚያጠብሰው። የአዋሽ ሸለቆም ከቢልሃርዝያ ጋር ይተዋወቃል፤ ላይኛው ክፍል፣ ወንጂ አካባቢ፣ የአንጀትና የጉበቱ፤ ወደ መካከለኛውና ታችኛው አዋሽ ስትወርዱ የሽንት ፊኛው ዓይነት። መስኖው ሲስፋፋ ቀንድ አውጣዋም መኖሪያዋ ይሰፋል። አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ወስደዋል። የጉበት ጥናት ከውጭ የመጣልን ዕቃ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

እና ጫቱን ምን እናድርገው?

እኔ የእገዳ ደጋፊ አይደለሁም፤ ልንገራችሁ ለምን። ጫት ከአገሪቱ ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነው፣ ለሐረርጌ ገበሬ ደግሞ የልጅ ደብተር ነው። ግን ከዚያም በላይ፣ አዋሽ ቁጭ ብዬ ያየሁት ነገር አለ። ብዙ ሾፌር ሲቅም እየተዝናና አይደለም። በጉዞ ነው የሚከፈለው። ቶሎ ደርሶ ቶሎ ከተመለሰ አንድ ጉዞ ይጨምራል፤ ከተኛ ይቀንሳል። ስለዚህ ለሱ ጫት እንደ ናፍጣ ነው፣ መኪናው ታንከር ውስጥ አንዱ ይገባል፣ ሾፌሩ ጉንጭ ውስጥ ሌላው። ዕቃው በሰዓቱ መድረሱ ለአስመጪውም፣ ለመኪናው ባለቤትም፣ ሱቅ ሄዶ ዘይት ለሚገዛው ለእኔና ለእናንተም ይጠቅማል። ሒሳቡ ግን በመጨረሻ የሚመጣው በአንድ ሰው ሆድ ላይ ነው። ክፍያው እንዲህ እስካለ ድረስ «ጫት አቁም» ማለት «ትንሽ ገቢ አግኝ» ማለት ነው፣ እና ማንም አይሰማችሁም።

ምን ያንሳል? ቢያንስ ሾፌሮች መንጃ ፈቃድ ሲያሳድሱ ዓይናቸው እንደሚታይ ሁሉ ጉበታቸውም ይታይ። ቢያንስ የሐረሩ ጥናት በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በሎጊያ ይደገም፤ ቃሚውም መኪናውም በአንድ መናኸሪያ የሚገኝበት ከዚህ የተሻለ ቦታ የት አለ? የሚረጨው መድኃኒት ይመርመር። ይሄ ሁሉ ቅንጦት አይደለም፤ የጋሼ ሁለት ሳምንት የአልጋ ወጪ ብቻ ስንት የጉበት ምርመራ እንደሚያሠራ ደረሰኞቹን ደምሬ አይቻለሁ፣ ተናድጃለሁ።

እኔ ተመረመርኩ። ነጻ ሆንኩ። ክትባቱን በራሴ ወጪ ጀመርኩ፤ ሦስት ጊዜ ነው፣ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። የመጨረሻዋ ትቀረኛለች።

ጋሼ መኪናውን አቁሟል። አዋሽ፣ ሚስቱ ሻይ ቤት በር ላይ፣ ዘንቢል ወንበር ላይ ቁጭ ይላል። ጨው ተከልክሏል፣ የሚያሸና ኪኒን ይወስዳል። ጫት አቁሜያለሁ ይላል፤ ሚስቱ ግን ስታየኝ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ባለፈው ስሄድ ገረባው ከኪሱ ሲወድቅ አይቼ እንዳላየ ሆኛለሁ።

ረዳቱ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ተሳቢው አሁን በሱ እጅ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ዙርባ ጫት አለ፣ ሲያየኝ በፎጣ ሸፈነው። ቀጠሮውን የሚያስታውሰው ግን እኔ አይደለሁም፣ ስልኩም አይደለም። ጋሼ ነው። በየስድስት ወሩ ከሳምንት በፊት ይደውልለታል፤ ሚሌም ይሁን ጋላፊ ድንበር ላይ፣ «አንተ ልጅ፣ ሐሙስ ነው፤ ጭነት እንዳትይዝ» ይለዋል።